ፍጻሜውን ብቻ አታሳዩን፦ ለሴቶች አይስ ሆኪ ስርጭት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የዓለም አቀፍ ውድድሮች ስርጭት ክፍል ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። የሴቶች አይስ ሆኪን አዘውትረን የምናይ፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር ተሰባስበን ስንከራከር የምናመሽ ተመልካቾች ነን። እንድንጽፍ ያደረገን የቅርቡ ውሳኔያችሁ ነው። ከእንግዲህ ከዓለም ሻምፒዮናው በቀጥታ የምታስተላልፉት ግማሽ ፍጻሜዎቹንና ፍጻሜውን ብቻ እንደሆነ ነግራችሁናል። ሌላው ሁሉ በአጭር ቅንብር ይቀርባል ብላችኋል። ምክንያታችሁ አጭር ነው፦ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ የሚገናኙት ካናዳና አሜሪካ ናቸው።

ስለ ስርጭታችሁ ሌላም ብዙ ሆድ ያባው ነገር አለን። ግን ከዚህ እንጀምር።

ካናዳና አሜሪካ ያላችሁት ውሸት አይደለም። የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና በ1990 ኦታዋ ላይ ከተካሄደ ወዲህ ወርቁ ከሁለቱ እጅ ወጥቶ አያውቅም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ታዲያ ይህ የሚያስቸግር ከሆነ መፍትሔው ሁለቱ የሚገናኙበትን ጨዋታ ብቻ ማሳየት ነው እንዴ? ተመልካቹ «ሁሌ እነሱ ብቻ» የሚለው እኮ ሌሎቹን ስለማያይ ነው። በዚህ ውሳኔ ቅሬታውን ራሳችሁ እያመረታችሁት ነው።

የውድድሩን አሠራር ልብ ብላችሁ ያያችሁትም አይመስለንም። አሥር ቡድኖች ይሳተፋሉ። በደረጃ የሚበልጡት አምስቱ ምድብ ኤ፣ ቀሪዎቹ አምስቱ ምድብ ቢ ይገባሉ። ከምድብ ኤ አምስቱም ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ። አዎ፣ አምስቱም። ሁሉንም የተሸነፈውም ያልፋል። ከምድብ ቢ ግን የሚያልፉት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ታች የቀረውን ደግሞ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን የመውረድ ጣጣ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የሞት ሽረቱ ጨዋታ የት እንዳለ እናንተው ፍረዱ። በ2025 ቼክ አገር፣ ቼስኬ ቡድዮቪትሴ ላይ ምድብ ቢ ውስጥ የነበሩት ስዊድን፣ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ኖርዌይና ሀንጋሪ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሌላውን ሲገጥም ተጫዋቾቹ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታቸው ነው የሚዋደቁት። ምድብ ኤ ላይ ካናዳና አሜሪካ ሲገናኙ ጨዋታው ያምራል፤ የተሸነፈው ግን ነገ ሌላ ጨዋታ እንዳለው ያውቃል።

ስዊድንን እንውሰድ። በ2002 ኦሊምፒክ ነሐስ አገኘች። በ2006 ቱሪን ላይ አሜሪካን በግማሽ ፍጻሜ በመለያ ምት ጥላ ብር ወሰደች። ያን ቀን በረኛዋ ኪም ማርቲን ገና 19 ዓመቷ ነበር። ይህችው ስዊድን በ2019 ከዋናው ሻምፒዮና ወረደች። የኦሊምፒክ ብር ያላት አገር! ከዚያ እንደገና ተመልሳ መጣች። ይህን መውጣትና መውረድ በሁለት ደቂቃ ቅንብር ማን ሊረዳው ይችላል? ቅንብር ጎል ያሳያል። አንድ ቡድን በሦስተኛውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ እግሩ ሲከዳው፣ ተከላካዮቹ ለመቀየር እንኳ ወደ ወንበራቸው መድረስ ሲያቅታቸው አያሳይም።

የነሐሱ ጨዋታስ? ከዝርዝራችሁ ውስጥ የለም። እኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ የተናደድነው በሱ ነው። ቼኮች በሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ሜዳሊያቸውን ያገኙት በ2022 ነው፤ ነሐስ። በ2023 ደገሙት። በ2024 ፊንላንድ በመለያ ምት ነጠቀቻቸው። በ2025 እዚያው አገራቸው ላይ ፊንላንድ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸነፈቻቸው። ሁለት ዓመት በተከታታይ መደበኛው ሰዓት አልበቃም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ፉክክር ፈልጋችሁ ነው?

ወደ ኮሜንታተሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ማለታችን አይቀርም፣ ታገሡን።

በ2019 ኤስፖ፣ ፊንላንድ ውስጥ ፊንላንድና አሜሪካ ያደረጉትን ፍጻሜ በቀጥታ አሳይታችሁናል፤ ለዚያ ምስጋና ይገባችኋል። ፊንላንድ ካናዳን 4 ለ 2 አሸንፋ ነበር ለፍጻሜ የደረሰችው። ከካናዳና ከአሜሪካ ውጭ ያለ ቡድን ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። መደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ፔትራ ኒሚነን አገባች። የፊንላንድ ተጫዋቾች ከተጠባባቂው ወንበር ዘለው ወጡ፣ ጓንትና ዱላው በረዶው ላይ ተበተነ፣ አዳራሹ ቀለጠ። ከዚያ ዳኞቹ ወደ ቪዲዮው ሄዱ። ቆዩ። ደስታው እዚያው ሜዳ ላይ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በዓይናችን አየን። በመጨረሻ ጎሉ ተሻረ፤ በረኛዋ ሥራዋን እንዳትሠራ ተደርጋለች ተባለ። ጭራሽ በዚያው ድርጊት የአሜሪካዋ በረኛ አሌክስ ሪግስቢ ተጋጣሚዋን በመጥለፍ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ተቆጠረባት። አሜሪካ በመለያ ምት አሸነፈች።

በረኛዋ ጠልፋ ከተቀጣች፣ ጎሉ እንዴት እሷ ላይ በተሠራ ጥፋት ይሻራል? ማንም የሚያይ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልስ ይኑረው አይኑረው ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ኮሜንታተር ግን ቢያንስ ጥያቄውን ማንሳት ነበረበት። የእናንተው ሰው ያን ሁሉ ጊዜ «እንግዲህ እንጠብቃለን» ከማለት አላለፈም። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። ስንመለስ ጨዋታው ቀጥሏል፣ አሜሪካ በአንድ ሰው ጎድላ ትከላከላለች። ለምን እንደጎደለች የሚነግረን አልነበረም። ግማሾቻችን ጎሉ እንደተሻረ እንኳ ያወቅነው የስክሪኑ ጥግ ላይ 1 ለ 1 የሚለውን አይተን ነው።

በ2021 ካልጋሪ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ካናዳና አሜሪካ 2 ለ 2፣ ተጨማሪ ሰዓት። የካናዳዋ ማሪ ፊሊፕ ፑላን ምት ከአግዳሚው ብረት ሥር ገብቶ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ፍጥነቱ ለዓይን አይመችም። ጨዋታው ቀጠለ። ከአፍታ በኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ኮሜንታተራችሁ «ብረቱ መለሰባት!» ብሎ ጮሆ ነበር፤ በዚህ አንወቅሰውም። ሜዳ ላይ ያሉትም ተጫውተው አልፈውታል። የምንወቅሰው ከጥሩምባው በኋላ በሆነው ነው። ጨዋታው ለምን እንደቆመ አላወቀም። «ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆናል» አለን። ጎል መሆኑ በቪዲዮ ከተረጋገጠ ጨዋታ በጥሩምባ እንደሚቆም ቢያውቅ ኖሮ ያቺ ቅጽበት የዓመቱ ትልቋ ትሆን ነበር። እኛ ስለ ሰዓት ብልሽት እየሰማን ካናዳዎቹ ዋንጫቸውን ማክበር ጀምረዋል።

ባዶ ጎል የሚባለውም ነገር አለ። ይሄ ያስቃልም ያበሳጫልም። አንድ ቡድን እየተመራ ሰዓቱ ሲያልቅበት በረኛውን አስወጥቶ በምትኩ ስድስተኛ ተጫዋች ያስገባል። አይስ ሆኪን ሁለት ቀን ያየ ሰው ያውቀዋል። የእናንተው ኮሜንታተር ግን አንዴ «በረኛዋ ተጎድታ ወጣች፣ ተተኪዋ ገና አልገባችም» አለን። ከዚያ ባዶው ጎል ላይ ሲገባ «ምን ዓይነት ግድየለሽነት ነው!» ብሎ ቡድኑን ወረደበት። ኧረ በሕግ!

ይህን ስልት ያልተረዳ ሰው የ2014ቱን የሶቺ ኦሊምፒክ የካናዳና የአሜሪካ ፍጻሜ በምን አፉ ሊተርከው ይችላል? አሜሪካ 2 ለ 0 እየመራች አራት ደቂቃ እንኳ አልቀረም ነበር። የካናዳዋ ብሪያን ጄነር አንዱን መለሰች። ካናዳ በረኛዋን አስወጣች። አንዲት አሜሪካዊት ከሩቅ የላከችው ፓክ (እንደ ኳስ የሚያገለግለው ጠፍጣፋ ጎማ) በረዶው ላይ እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ ሄዶ የባዶውን ጎል ቋሚ ብረት መታ። ጥቂት ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ሲቀር ፑላን አቻ አደረገች፣ በተጨማሪ ሰዓትም እሷው ጨረሰችው። የጨዋታው ሙሉ ጣዕም ያለው የዚያ ባዶ ጎል ቁማር ላይ ነው። ካልተነገረን አንድ ፓክ ብረት ነካ፣ በቃ።

ስለ መጋጨትም ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። ኮሜንታተሮቻችሁ «በሴቶች ጨዋታ መነካካት ክልክል ነው» የምትል አባባል አላቸው። ስለዚህ ሁለት ተጫዋቾች ግድግዳው ሥር ትከሻ ለትከሻ በተገፋፉ ቁጥር «ዳኛዋ አላየችም!» ይላሉ። ዳኛዋ አይታለች። ሁለቱም ፓኩን ፈልገው እየሄዱ ቢገፋፉ ጨዋታ ነው። የሚያስቀጣው ፓኩን ትቶ ተጋጣሚዋን ብቻ ለመጣል ወይም ለማስፈራራት ገጭቶ መግባት ነው። በ1990ው ሻምፒዮና እንዲያውም ገጭቶ መጣል ተፈቅዶ ነበር፤ የተከለከለው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ሳያውቁ ዳኛን መስደብ ያስተዛዝባል።

ስም ማጣመም ትንሽ ነገር ይመስላል። ይሁንና በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ አሜሪካን አቻ ያደረገውን ጎል ያገባችው ሞኒክ ላሙሩ ናት። በመለያ ምት ካናዳዊቷን በረኛ ሸውዳ ያሸነፈችው መንትያዋ ጆሴሊን ናት። ኮሜንታተራችሁ ሁለቱንም ጎል ለአንዷ ሰጥቶ አረፈው። መንትያ መሆናቸውን አያውቅም ነበር መሰለን። ማልያቸው ላይ ቁጥር አለ እኮ!

ሌላው ደግሞ የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ፓኩ ሜዳ ላይ እየተሽከረከረ፣ ቡድን በአንድ ሰው ጎድሎ እየተንገላታ፣ ኮሜንታተሩ ይህች ተጫዋች ከወንዶች ጋር ብትጫወት ምን ትሆን እንደነበር ይተነትናል። ማን ጠየቀው? እሺ፣ ማውራቱ ካልቀረ ዕውቀት ይጨመርበት። ካናዳዊቷ ሃይሊ ዊከንሃይዘር በ2003 ፊንላንድ ውስጥ ከወንዶች ጋር በክለብ ደረጃ ተጫውታለች። አሜሪካዊቷ ኬንዳል ኮይን በ2019 የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የወንዶች ሊግ) ከዋክብት የችሎታ ውድድር ላይ ከወንዶቹ ጋር ተሽቀዳድማ ዙሩን በ14.346 ሰከንድ ጨርሳለች፤ ከስምንቱ ሰባተኛ ወጥታ አንዱን ወንድ ቀድማዋለች። ፑላን በ2010፣ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 የኦሊምፒክ ፍጻሜዎች ጎል አግብታለች፤ በአራት የኦሊምፒክ ፍጻሜ ያገባ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከሷ በፊት አልነበረም። እንዲህ ተዘጋጅቶ ለመጣ ሰው ጆሯችንን እንሰጣለን።

«ተመልካች የለውም» የሚል ነገርም ከእናንተ በኩል ይሰማል። ኤፕሪል 20 ቀን 2024 ሞንትሪያል ውስጥ ለአንድ የሴቶች ሊግ ጨዋታ 21,105 ሰው አዳራሽ ገብቷል። ሜዳ ላይ የነበሩት እነዚሁ በብሔራዊ ቡድን የምናያቸው ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ አንከራከርም።

የቀሩት የቴክኒክ ነገሮች ናቸው። አንድ ቡድን ሰው ሲጎድልበት፣ ማለትም ሌላው ለሁለት ደቂቃ ፓወር ፕሌይ ሲያገኝ፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍላችሁ ማስታወቂያ ታስገባላችሁ። ጎል የሚጠበቅበት ሁለት ደቂቃ ነው! ማስታወቂያ ለዕረፍት ነው፤ ዕረፍቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ አለ፣ ረጅምም ነው። የምስሉ ጥራት ሲወርድ ደግሞ ፓኩ ይጠፋል። ዲያሜትሩ 7.62 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ነገር ግድግዳው ሥር ሲገባ በጥሩ ምስልም ይጠፋል፣ በደበዘዘ ምስልማ አይጠየቅም። ያኔ ነው ኮሜንታተር የሚያስፈልገው፣ ማን እንደያዘችው ሊነግረን።

ዘግይተን በድጋሚ ለምናየውም አዝኑልን። የቪዲዮው ርዕስ ላይ «በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈች» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ርዕሱን ብትተዉት እንኳ የቪዲዮው ርዝመት ያጋልጣል። ሌሎቹ ጨዋታዎች ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነው ይሄ ብቻ ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚገባ ጎል ሁሉ ጨዋታውን እንደማይጨርሰው አስቀድመን እናውቃለን። መላ አለው፦ ሁሉንም ቪዲዮ በባዶ ምስል እኩል አድርጉት።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ እንዲህ ነው።

ውሳኔውን አንሱት። ሁሉንም ጨዋታ በዋናው መስመር አሳዩ አላልንም፤ የሰዓት ችግር እንዳለባችሁ እናውቃለን። የምድብ ቢ ጨዋታዎችና ሩብ ፍጻሜዎቹ ቢያንስ በኦንላይን መስመራችሁ ሙሉ በሙሉ ይተላለፉ፤ ኮሜንታተር ባይኖርም በአዳራሹ ድምፅ ብቻ እናያለን። የነሐሱ ጨዋታ ግን ከኮሜንታተር ጋር በቀጥታ ይግባ። በዚህ አንደራደርም።

ለሴቶቹ ውድድር የሚመደበው ኮሜንታተር ደንቡን አንብቦ፣ የተጫዋቾቹን ስም አጠራር ተለማምዶ ይምጣ። ከጎኑ የተጫወተች ወይም ያሠለጠነች ሴት ብታስቀምጡለት እሱም ይቀልለታል፣ እኛም እንማራለን። የቪዲዮ ምርመራ ሲጀመር ማስታወቂያ አይግባ፤ ዳኞቹ የሚያዩት ምስል ይታየን፣ ውሳኔው ሲነገርም ምክንያቱ ይብራራ።

በፓወር ፕሌይ ጊዜ ስክሪኑን አትክፈሉት። የድጋሚ ቪዲዮ ርዕስ ላይ የቡድኖቹ ስምና ቀኑ ብቻ ይጻፍ።

ለሚቀጥለው ሻምፒዮና የስርጭት ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት በይፋ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ይነገረን፤ ሌላ የምናይበትን መንገድ ጊዜ ሳይደርስብን እንፈልጋለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የሴቶች አይስ ሆኪ ቋሚ ተመልካቾች ስብስብ አስተባባሪ፣
በስብስቡ አባላት ስም